የአባ ጀማል ግድግዳና የእኔ ባትሪ

እኔ እንኳ የፈለግኩት ሁለት ቀዳዳ ነበር። ሁለት ብቻ! አንዱ ከመስኮቱ በስተቀኝ፣ አንዱ በስተግራ፤ ትንሿን ጣት እንኳ በቅጡ የማያስገቡ። የሰው ልጅ ተራራ ሸንቁሮ ባቡር በሚያሳልፍበት ዘመን እኔ ለሁለት ቀዳዳ አራት ቀን ሙሉ ተንከራትቼ፣ ይኸው ወገቤን ደግፌ ነው የማጫውታችሁ። ደክሞኛል። ሲደክመኝ ደግሞ ወሬ ይበዛብኛልና ቻሉኝ።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። ከሰሜን ሸዋ ተመድቤ ቺሮ ከመጣሁ አምስት ዓመቴ ነው። ከተማዋን አሰበ ተፈሪ የሚሏትም አሉ፤ እኔ እንደ ሰዉ ሁለቱንም እላለሁ፣ ማንንም ላለማስቀየም። ይሄ ማንንም ያለማስቀየም ጠባዬ ነው ጉድ የሠራኝ።

ባለቤቴ መሠረት አዋላጅ ነርስ ናት፤ የምትሠራው መቻራ ነው። ከተጋባን ሦስት ዓመት ሞላን፤ አብረን የኖርነው ግን ቅዳሜና እሁድ፣ ቅዳሜና እሁድ እየተባለ ነው። እሱም መንገዱ ሲፈቅድ። የመቻራን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የማያውቅ ከመሳፈሩ በፊት ጥርሱን ግጥም ያድርግ። ዘንድሮ በስንት ደጅ ጥናት ዝውውር ተፈቀደላትና ሁለት ምርጫ ያለው ፎርም ሰጧት፤ ወይ ቺሮ፣ ወይ ደሴ። ደሴ እናቷ አሉ። ፎርሙ ሰኞ ይመለሳል።

በስልክ «የቱን ልሙላ?» ስትለኝ ልቤ «ቺሮ! ቺሮ!» እያለ ይዘላል። አፌ ምን ቢል ጥሩ ነው? «እንደመሰለሽ።» ምን ላድርግ? አማቼን ላስቀይም? ወይስ ሚስቱን ከእናቷ የሚነጥል ጨካኝ ልባል? መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሦስት ጊዜ ሃሎ አልኩ።

«እሺ» አለች መሠረት በመጨረሻ። «ቅዳሜ መጥቼ ቤቱን አያለሁ። ያ መስኮት ተጋርዶ ካገኘሁት ቺሮን እሞላለሁ። እንደ ድሮው ከሆነ ደሴ ነኝ። አንተ መናገር ካቃተህ መጋረጃው ይናገርልህ።»

የመስኮቱን ነገር ልንገራችሁ። የምኖረው አባ ጀማል ግቢ ውስጥ ባለች አንዲት ክፍል ነው። አባ ጀማል አከራዬ ናቸው፤ ጢማቸውን ሂና የሚቀቡ፣ ድምፃቸው ያለ ማይክራፎን ሦስት ግቢ የሚያዳርስ፣ ክፋት የሚባል ያልፈጠረባቸው ሽማግሌ። የክፍሌ ብቸኛ መስኮት የሚያየው ወደ ግቢው ነው። ግቢው ውስጥ፣ ከመስኮቱ አምስት እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ የቆርቆሮ ጥላ አለ። ከጥላው ሥር ፍራሽ ተዘርግቷል። ፍራሹ ላይ ከዙህር ሶላት በኋላ አባ ጀማልና ስምንት ጓደኞቻቸው ጫታቸውን ይዘው ለበርጫ ይቀመጣሉ፤ ዘጠኙም ፊታቸውን ወደ እኔ መስኮት አዙረው። ሌላ አቅጣጫ የሌለ ይመስል! እስከ መግሪብ አይነቃነቁም።

ለእኔ ግድም አልነበረኝ። ፈተና ሳርም፣ ካልሲ ስፈልግ ቢያዩኝ ምን ይቀርብኛል? መሠረት ግን ሴት ናት። ባለፈው ስትመጣ አንሶላ በሲባጎ አስሬ፣ ሲባጎውን የግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ በወተፍኳቸው ሁለት ምስማሮች ላይ አንጠልጥዬ ጋረድኩላት። ገላዋን ታጥባ በውስጥ ልብሷ ሆና ፀጉሯን ስታበጥር አንሶላው ዘጭ! ዘጠኙም በአንድ አፍ «አስተግፊሩላህ!» ብለው ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ። በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። አባ ጀማል አንገታቸውን እንደደፉ «ይቅርታ ልጄ! አላየንም!» ብለው በዚያ ድምፃቸው ጮኹ። ይሄኔ ምንም ያልሰማው ጎረቤት ሁሉ ምን ተፈጠረ ብሎ ብቅ አለ። መሠረት እስክትሄድ ድረስ ከበሩ ጀርባ ተለጥፋ ነው ልብስ ስትቀይር የከረመችው።

«ምስማር አትመታም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። መታሁ እንጂ! አባ ጀማል ይህን ቤት ሲያሠሩ ለሲሚንቶ አልሰሰቱም። ራሳቸው በየሳምንቱ ይነግሩኛል። «ያ በርሲሳ!» ይሉኛል፤ አስተማሪው ማለታቸው ነው። «ይሄ ግድግዳ ዋላሂ መድፍ አይበሳውም!» መድፉን አልሞከርኩም፤ ምስማር ግን አንድ ቆርቆሮ ሙሉ አጣምሜበታለሁ። መስኮቱ ራሱ ብረት ነው፤ እንጨት ቢሆን እንኳ አንድ ነገር ይባል ነበር። ስለዚህ ድሪል ያስፈልጋል።

አሁን አንድ ነገር አስቡልኝ። ይህን መጋረጃ የምሰቅለው አባ ጀማልና ጓደኞቻቸው እንዳያዩን ነው። ይህን እንዴት ብዬ ለእሳቸው እነግራለሁ? ሰውን በገዛ ግቢው፣ በገዛ ፍራሹ «እባክህ ወደዚህ አትይ» ይባላል? ምላሴ ይቆረጥ! ስለዚህ ግድግዳውን ለመብሳት ፈቃድ ስጠይቃቸው «ለምንድነው?» ቢሉኝ ከአፌ አምልጦ የወጣው ሌላ ነገር ነው።

«የዓለም ካርታ ልሰቅል» አልኩ።

ጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝና ውሸቱ በልኬ የተሰፋ ነበር። አባ ጀማል ፊታቸው በራ።

«ካርታ! መካ አለበት?»

«አለበት፣ አባ ጀማል።»

«ጅቡቲስ? ወንድሜ ጅቡቲ ነው።»

«እሱም አለ።»

«ቶሌ! እሺ፣ ብሳው!»

በዚህ ዓይነት ዘጠኝ ሰው ካርታ ይጠብቅ ጀመር።

ረቡዕ ከትምህርት ቤት ስወጣ በቀጥታ ወደ አብዲ ሱቅ ሄድኩ። አብዲ የቤት መሥሪያ ዕቃ ነው የሚሸጠው፤ ቧንቧ፣ ቀለም፣ ማጠፊያ፣ ምስማር። ለዚያ ሁሉ ምስማር የደንበኝነት ክብር አለኝና ወንበር ሰጠኝ።

«ባለ ገመድ ነው ባለ ባትሪ የምትፈልገው?»

«መብራት ሲጠፋ የሚሠራው የትኛው ነው?»

«ባለ ባትሪው ነዋ!»

ወዳጆቼ፣ ይህን መልስ ልብ በሉልኝ። እኔ በወቅቱ ልብ አላልኩትም።

አብዲ ሦስት ድሪል ደረደረ። «ይሄ አርባ ስምንት ቮልት ነው። ይሄኛው ሰማንያ ስምንት። ይሄ ደግሞ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «መቶ ሃያ ስምንት።» አገላብጬ አየሁ። ቀለማቸው አንድ፣ ክብደታቸው አንድ፣ ባትሪያቸው እንኳ አንዱ ከሌላው ጋር ይገጥማል።

«ልዩነታቸው ምንድነው፣ አብዲ?»

ግራ ቀኝ አየ። ሐቀኛ ሰው ነው። «የተለጠፈበት ወረቀት» አለኝ።

«ታዲያ የትኛው ይሻላል?»

«ሰው መቶ ሃያ ስምንቱን ይወዳል።»

እኔም ሰው ነኝ፤ መቶ ሃያ ስምንቱን ወሰድኩ።

ሣጥኑን ስከፍተው ለባትሪ የተሠራ ሁለት ጎድጓዳ ቦታ አለው። በአንዱ ባትሪ ተኝቷል፤ ሌላው ባዶ ነው። «ሁለተኛው ባትሪ የታለ?» ብዬ ስጠይቀው «የለም፤ ቦታው ነው» አለኝ። የምን ቦታ? «ሌላ ጊዜ ሁለተኛ ስትገዛ የምታስቀምጥበት።» ላም አለኝ በሰማይ ይሏችኋል ይሄ ነው። የመጨረሻ ጥያቄዬ፣ ባትሪው ሞልቶ ምን ያህል ይቆያል የሚል ነበር። አብዲ እንደ መታዘብ አድርጎ አየኝ። «መምህር፣ ባትሪና እንግዳ ስንት ቀን ትቆያለህ ተብሎ አይጠየቅም» አለኝ። አፍሬ ወጣሁ።

ግቢ ስገባ በርጫው ደርቷል። እኛ ሰፈር ካርቶን ይዞ በሰው ፊት ማለፍ አይቻልም። «ይከፈት!» ተባለ። ከፈትኩ። ዘጠኙም እየተቀባበሉ መዘኑት፣ አሸተቱት፣ ቃታውን ሳቡት። «መቶ ሃያ ስምንት!» ብሎ አንዱ አነበበ፤ ሌላው «ማሻ አላህ» አለ።

«ያ በርሲሳ» አሉ አባ ጀማል፣ «እስቲ የእኔን በር ማጠፊያ አንዴ ጠበቅ አድርግልኝ።»

አይሆንም ልበል? የቤቱ ጌታ ናቸው! አጠበቅኩ። በሩ ሲጠብቅ ያየው የጓዳ በርም ልጠብቅ አለ። ከጓዳው አልጋው፣ ከአልጋው የሬዲዮኑ ክዳን፣ ከሬዲዮኑ የጎረቤት መሰላል። የሽንት ቤቱ በር ከተሠራ ለመጀመሪያ ጊዜ ግጥም ብሎ ተዘጋ፤ ውስጥ ሰው እንደነበር የታወቀው በኋላ ነው። አንደኛው ሽማግሌ ደግሞ የመነጽሬን ብሎን አጥብቅልኝ አሉኝ። «ኸረ ይሰብረዋል» ብል «መቶ ሃያ ስምንት አይደል እንዴ! ምን ያቅተዋል?» አሉ። ምንም አላቃተውም፤ መነጽሩ ግን አልተረፈም።

ወደ እኔ መስኮት ተራ ሲደርስ ባትሪው ላይ ከነበሩት ሦስት ትንንሽ መብራቶች አንዲት ቀርታለች። ቻርጀሩን አውጥቼ ልሰካ ስል ሙሜ እጄን ያዘኝ። ሙሜ ከዘጠኙ አንዱ ነው፤ ድሮ የድሬዳዋን መስመር በከባድ መኪና ሲመላለስ የኖረ፣ በባትሪ ጉዳይ ከሱ በላይ የሚናገር ግቢው ውስጥ የለም።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ልሞላው።»

«ሳያልቅ?!» አለ፣ ሰው ልገድል ያየኝ ይመስል። «መምህር ሆነህ! ባትሪ ሳያልቅ ከተሞላ ይለምዳል። ግማሽ ላይ መሞላት የለመደ ባትሪ ዕድሜ ልኩን ግማሽ ነው። አዲስ ባትሪ እንደ ልጅ ነው፣ እንዳሳደግከው ነው። መጀመሪያ ጨርሶ ይሙት፣ ከዚያ ይሞላል።»

ስምንቱም ራሳቸውን ነቀነቁ። ይህ ምክር ለድሮ ባትሪ የሚሠራ፣ ለዛሬው ግን መርዝ እንደሆነ የሰማሁት ሁሉም ነገር ካለፈ በኋላ ነው። ያኔ ግን ዘጠኝ ሰው ባንድ ቃል ሲመክራችሁ እናንተስ ምን ትሉ ነበር? እሺ አልኩ። ባትሪውን ልንገድለው ተስማማን።

ተቀምጠን በተራ ቃታውን እየሳብን በባዶ እናዞረው ጀመር። ዚዚዚዚ... ሙሜ ሲደክመው ለአባ ጀማል ያቀብላል፣ አባ ጀማል ለእኔ። ያ ለሥራ ሲፈለግ የሰነፈ ባትሪ እንዲሞት ሲፈለግ ጎበዘ! አንዲቷ መብራት አልጠፋም አለች። የአስር ሶላት ሰዓት ደረሰ፤ ተራ በተራ እየሰገዱ ማዞሩ አልተቋረጠም። ምርቃናው ሲመጣ ደግሞ ወሬው ከፍ አለ። በዚህ ድሪል ማኅበር ይቋቋማል ተባለ። በር ገጣሚ ማኅበር። ቦኬ ላይ ቅርንጫፍ እንዲከፈት፣ በገበያ ቀን ብቻ እንዲሠራ ተወሰነ፤ እኔን ጸሐፊ አደረጉኝ። መግሪብ ሲቃረብ ማኅበሩ በዝምታ ፈረሰ፤ ሊቀመንበሩም ጫማቸውን ፈልገው ሄዱ።

በመጨረሻ ዚ... ዚ... አለና ቀጥ። «አልሐምዱሊላህ!» አሉ የቀሩት። ሮጬ ቻርጀሩን ሰካሁ። ቀይ መብራት ቦግ አለች። እጄን ከሶኬቱ አላነሳሁም፣ በእግዜር፣ ጣቴ ገና ሶኬቱ ላይ ነው፣ መብራት ጠፋ። የኔ ብቻ አይደለም፤ የግቢው፣ የሰፈሩ፣ የከተማው። ሁሉም ዞረው አዩኝ፣ እኔ ያጠፋሁት ይመስል።

ሐሙስ መብራት የለም። «የሆነ ቦታ ምሰሶ ወድቆ ነው» ተባለ። «ነገ ነው» ተባለ። ክፍል ውስጥ ስለ ወንዞች እያስተማርኩ ሐሳቤ ባትሪው ጋ ነው። ሙሉውን አንድ መብራት ገድዬ! ያችን አንዲት መብራት ባልገድል ኖሮ ቢያንስ አንዱን ቀዳዳ እሞክርባት ነበር። በሙሜም መናደድ አልቻልኩም፤ ሐሙስ ዕለት በሬ ድረስ መጥቶ «አይዞህ፣ አሁን በደንብ ነው የሞተው፣ ጥሩ ነው» ብሎ አጽናንቶኛል። ንዴቱን ውጬ አመሰገንኩት።

ዓርብም የለም። ከጁምዓ በኋላ ግን አንዱ ከመንገድ መጥቶ «ሂርና መብራት አለ» አለ። ሂርና! ለሁለት ቀዳዳ ሌላ ከተማ ልሄድ ነው። ምን አማራጭ አለኝ? ነገ ሚስቴ ትመጣለች፤ ሰኞ ደግሞ ደሴን ሞልታ ልትመልስብኝ ነው። ድሪሉን ከነባትሪው አቧራ እንዳይነካው በጋቢ ጠቅልዬ፣ አቅፌው ሚኒባስ ገባሁ።

አጠገቤ የተቀመጡት እናት የታቀፍኩትን ጥቅልል አይተው አይተው «ምን ሆኖብህ ነው ልጄ?» አሉኝ።

«ሞቶ ነው» አልኳቸው። ሐሳቤ ሌላ ቦታ ነበር።

«ኢና ሊላሂ!» ብለው ደረታቸውን ያዙ። ሹፌሩ ዘፈኑን ዘጋ። ጋቢውን ገልጬ እስካሳይ ድረስ ከኋላ ያሉት አንገታቸውን ደፍተው ነበር። ከገለጥኩ በኋላ ደግሞ እስከ ሂርና ድረስ ማንም አላናገረኝም፤ ሰው ያዘነውን ሐዘን መልስልኝ ማለት አይችልም መቼም።

ሂርና ዋናው መንገድ ዳር ሻይ የምትሸጥ ሴት አገኘሁ። ግድግዳዋ ላይ ሶኬት በሶኬት ተደርድሮ ስልክ እንደ ሽንኩርት ተንጠልጥሎበታል። መብራት ጠፍቶበት የመጣው እኔ ብቻ አይደለሁም ማለት ነው። የኔን ቻርጀር ተቀብላ መዘነችው።

«ይሄ የምን ስልክ ነው?»

«የግድግዳ መብሻ ነው፣ እህቴ። ነገ ሚስቴ ትመጣለች።»

ምንም አልጠየቀችኝም። የአንዱን ስልክ ነቅላ የኔን ሰካችልኝ፤ እስከ ዛሬ እመርቃታለሁ። ሆጃ የሚሉትን ትኩስ መጠጥ ብርጭቆ በብርጭቆ እየጠጣሁ ቀይዋን መብራት ሳይ፣ ሳይ፣ ሳይ ስልኬ ጠራ። መሠረት ናት።

«ነገ በጠዋት እነሳለሁ። የምን ጫጫታ ነው? የት ነህ?»

«ሂርና።»

«ሂርና ምን ትሠራለህ?»

ልንገራት? ልንገራትና ትሳቅብኝ? «ለሥራ ነው» አልኩ።

«እሺ። ሌላ የምትለኝ ነገር የለም?»

«የለም። በደህና ነይ» አልኳት። ስልኩን ስዘጋው ሻይ ሻጯ ቀና ብላ አየችኝና ራሷን ነቀነቀች። ሚስቴን ሳይሆን እኔን ነበር የታዘበችኝ።

ባትሪው ሞላ፤ ሦስቱም መብራቶች በሩ። በጋቢ ጠቅልዬው ተመለስኩ። አመሻሽ ላይ ቺሮ ስደርስ ከተማዋ እንደ ሠርግ ቤት ቦግ ብላለች።

«መቼ መጣ?» አልኩ አባ ጀማልን።

«አንተ ሚኒባስ ውስጥ እንደገባህ!» አሉኝ፣ ምሥራች የሚነግሩኝ መስሏቸው። ግድግዳውን ተደግፌ ቁጭ አልኩ። ሰው ሲደክመው ማልቀስም አያምረውም።

ቅዳሜ በማለዳ ወንበር ላይ ወጣሁ። አባ ጀማል ከነሻይ ብርጭቋቸው ሊያዩ መጡ፤ ግድግዳው የእሳቸው ነዋ። ቃታውን ሳብኩ። ድሪሉ ጮኸ፣ የመብሻው ብረት ዞረ፣ ኖራው ረገፈ፤ ከኖራው ሥር ሲሚንቶው ጋ ሲደርስ ቀጥ። ገፋሁ። በደረቴ ገፋሁ፣ በሆዴ ገፋሁ። ሳወጣው የክትባት ጠባሳ የምታህል ነገር ናት የቀረችው።

«አላልኩህም?» አሉ አባ ጀማል። የደስታቸው ብዛት! «መድፍ አይበሳውም!» ሌላ ቦታ ሞከርኩ፤ ሌላ ጠባሳ። ሦስተኛ። አራተኛ። በእያንዳንዱ ጠባሳ አባ ጀማል በግድግዳቸው ይኮራሉ፤ የኔ ባትሪ ይቀንሳል። ለአብዲ ደወልኩለት።

«ሲሚንቶ ነው እንዴ?» አለኝ። «ሲሚንቶ ከሆነ እየዞረ እንደ መዶሻ የሚመታ ነዋ የሚያስፈልግህ! የአንተው መዞር ብቻ ነው። ለሲሚንቶ ነው አላልከኝም እኮ!»

እውነቱን ነው፤ አላልኩትም። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም፤ የእኔም መቶ ሃያ ስምንት ከሲሚንቶ አላስጣለኝም። ስልኩን እንደዘጋሁ ደግሞ መሠረት ደወለች፤ መንገዷን አጋምሳ ገለምሶ ደርሳለች። ላብ አጠመቀኝ። አምስተኛ፣ ስድስተኛ፣ ሰባተኛ ጠባሳ። ስምንተኛው ላይ፣ ከመስኮቱ በስተቀኝ፣ አንድ ለስለስ ያለ ቦታ አገኘሁና ብረቱ ስጥም አለ! ገባ! ጮህኩ። አባ ጀማል ደነገጡ፤ «ይህን ቦታ የሠራው ረዳቱ ነው» አሉ ቅር ብሏቸው። የብሎን መያዣ ፕላስቲኳን ወተፍኩ፣ ብሎኗን አስገብቼ ማጥበቅ ስጀምር፣ ዚ... ዚ... ባትሪው ሞተ። የቀረውን በቢላዋ ጫፍ አጠበቅኩት። ቻርጀሩን ሰካሁት፤ ለመሙላት ሁለት ሰዓት ይፈልጋል። ቢሞላስ? በስተግራ ያለውን ግድግዳ የሠራው ረዳቱ አይደለም።

አባ ጀማል ሲወጡልኝ፣ ቀድሜ ገዝቼ አልጋ ሥር የደበቅኩትን መጋረጃ በዘንጉ ላይ አስገብቼ የዘንጉን ቀኝ ጫፍ ብሎኗ ላይ አሳረፍኩ። ግራው ጫፍ ማረፊያ የለውም። ለጊዜው ወንበር ላይ ቆሜ በእጄ ያዝኩት። እንደዚህ ሲያዩት መጋረጃው ግሩም ነበር፤ ሁለተኛው ቀዳዳ እኔው መሆኔ ነው እንጂ። ውጭ ሶላት አልቆ ዘጠኙ ፍራሻቸው ላይ ተሰብስበዋል። እጄ ዝሎ ወደ መደንዘዙ ሲሄድ በሩ ተከፈተና መሠረት ሻንጣዋን ይዛ ገባች፤ የመቻራ አቧራ ከራስ እስከ እግሯ። እኔም በኖራ ነጥቻለሁ።

«ምን እየሠራህ ነው?»

«መጋረጃ እየሰቀልኩ።»

«ውረድ።»

«አልችልም። እኔ ከወረድኩ እሱም ይወርዳል።»

ሻንጣዋን አስቀመጠች። ዓይኗ በግድግዳው ላይ ከጠባሳ ወደ ጠባሳ ሄደ፤ ከዚያ ወደ ሣጥኑ፣ ወደ ቻርጀሩ፣ ወደተዘረጋው ክንዴ። ለምን የዓለም ካርታ እንዳልመጣ አባ ጀማል ከውጭ በዚያ ድምፃቸው ሲጠይቁ ሰማች። ሁሉም ነገር ሳልነግራት ገባት መሰለኝ።

«ውረድ» አለች ደግማ። ወረድኩ። መጋረጃው ዘጭ! ውጭ ዘጠኙም ምንም ሳያዩ «አስተግፊሩላህ!» አሉ።

መሠረት በቀጥታ ወደ መስኮቱ ሄደች። እሷ ሦስት ዓመት መቻራ ላይ ስታዋልድ የተማረችው ኦሮምኛ ይሉኝታ የለበትም። ማዋለጃ ክፍል ውስጥ «እንደመሰለሽ» አይባልም፤ «ግፊ!» ነው የሚባለው።

«አባ ጀማል፣ አከም ኦልተን!» ብላ ሰላምታውን ካደረሰች በኋላ በኦሮምኛ፣ ሳትቸኩል፣ ነገራቸው። ከእንግዲህ ልትመጣ እንደምታስብ፣ ክፍሉ አንድ መሆኑን፣ ልብስ ስትቀይር መስኮቱ ወደ እነሱ እንደሆነ፣ ብትችሉ ዞር ብላችሁ ብትቀመጡልኝ ብላ። እኔ አልጋ ላይ ፊቴን በእጄ ሸፍኜ ምድር እንድትውጠኝ እጠብቃለሁ።

አባ ጀማል ጫታቸውን አስቀመጡ። «አንቺ ልጅ!» አሉ በአማርኛ፣ እኔም እንድሰማ። «እኛ እኮ ጀርባ ለበርሲሳ ብንሰጥ ይቀየማል ብለን ነው! እንግዳ ነው፣ አገሩ ሩቅ ነው፣ ጀርባ ሰጡኝ ይላል ብለን! የከሰዓት ፀሐይ ዓይናችንን እየጠበሰ!»

«የኔ ዓይን በዚህ ፀሐይ ነው የደከመ» አለ ሙሜ። «ዋላሂ፣ ስንት ዓመት ሆነ!»

ሳይነጋገሩ ተነሡ። አራቱ ፍራሹን በአራት ማዕዘኑ ያዙ፣ ሌሎቹ ትራሱንና ቴርሞሱን። ግማሽ ዙር ዞሩ፤ ፊታቸው ወደ ኮረብታው፣ ጀርባቸው ወደ እኛ ሆኖ ተቀመጡ። ጠቅላላው ሥራ አንድ ብርጭቆ ሻይ እስኪቀዘቅዝ አልፈጀም። «ኡፍፍ!» ሲሉ ሰማኋቸው፣ ጥላው ሥር ሆነው፣ ዘጠኙም።

እኔ ምን እንደተሰማኝ ልንገራችሁ? አፈርኩ። ደስ አለኝ። ከሁሉ በላይ ግን ከረቡዕ ጀምሮ የደከምኩት ድካም ባንድ ጊዜ መጣብኝ። ዝምታ ወርቅ ነው ያለው ሰው የእኔን ያህል ግድግዳ አልበሳም።

መሠረት ከቦርሳዋ ፎርሙን አወጣች። አልጋው ላይ አጠገቤ ተቀመጠች። ጭኗ ላይ ዘርግታው እስክሪብቶ ያዘች።

«አምስት ዓመት አብረሃቸው ስትኖር አንድ ቃል አቃተህ?» አለችኝ፣ ቀስ ብላ።

«ይሉኝታ ያዘኝ።»

«ለእነሱ ይሁን። ለኔስ?» ዓይኗን ከወረቀቱ አላነሳችም። «ባትሪህን አይቻለሁ፤ ግድግዳህን አይቻለሁ። መልሱን ግን እስኪ ከአፍህ ልስማው። የቱን ልሙላ?»

«እናትሽ ደግሞ ብቻቸውን...» ብዬ ጀመርኩ። ቀና አለች። ምጥ ላይ ያለችን ሴት የምታይበት ዓይኗ ይሆናል፤ እያየችኝ መዋሸት አልቻልኩም።

«ነይ» አልኩ። ለራሴ እንኳ በቅጡ አልተሰማኝም።

በተከፈተው መስኮት፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ አባ ጀማል ጮኹ።

«ያ በርሲሳ! አልሰማችህም፤ ጮክ በል!»

ጮክ አልኩ።